ወገብ አያነጣጥርም

በሕይወቴ ያሰለጠንኩት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሷም አሥር ዓመቷ ነበር። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከወገቧ በላይ ያለውን ወደ ግራ፣ ከወገቧ በታች ያለውን ወደ ቀኝ ጠምዝዤ፣ አንገቷን ወደ ሰማይ ሰቅዬ፣ ምላሷን ከአፏ አስወጥቼ አቆምኳት። ሐኪም ቢያያት አልጋ ያስይዛት ነበር። እኔ ግን እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ዙሪያዋን እየተንጎራደድኩ "ማሻአላህ! እየመጣ ነው! እየመጣ ነው!" እል ነበር። ምን እየመጣ እንደነበር እስካሁን አላውቅም።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ደማም፣ አል ሻጢእ በሚባል ሰፈር፣ ከባሕሩ ዳር ሁለት መንገድ ገባ ብሎ ያለ ቪላ ውስጥ ሾፌር ነበርኩ። ካፊሌ፣ ማለትም ያስመጣኝ አሠሪዬ፣ ቤት መኖሩ የሚታወቀው ጫማው በር ላይ ሲታይ ብቻ የሆነ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ቤቱን የምታዝበት ማዳም ናት። ትልልቆቹ ልጆች ራሳቸውን ችለው ወጥተዋል፤ የቀረችው ታናሺቱ ብቻ ናት። እሷን ጠዋት አጎራባች ከተማ ኾበር ወዳለው የሴቶች ትምህርት ቤቷ አደርሳለሁ፣ ከሰዓት እመልሳለሁ። "አሙ" ትለኛለች፤ አጎቴ እንደማለት ነው። የምንነጋገረው በአረብኛ ሲሆን የእኔ አረብኛ ከነዳጅ ማደያና ከአትክልት ገበያ የተለቀመ ነው። እዚህ በአማርኛ ስጽፈው ከነበርኩት ይልቅ ብልህ እመስላለሁ፤ ለዚህ ይቅርታ አልጠይቅም።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ወጥታ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ ወረወረችና፣

"አሙ፣ ቅርጫት ኳስ ታውቃለህ?" አለችኝ።

"እኔን ነው ቅርጫት ኳስ ታውቃለህ የምትዪኝ?"

"አዎ፣ አንተን።"

"እኔ እኮ በአገሬ የታወቅኩ ነበርኩ! ኳስ ከእጄ ከወጣች ሰው ዞሮ አያያትም። መግባቷን ያውቁታላ!"

እውነቱን ለእናንተ ልናገር። ደሴ ተማሪ ሳለሁ የትምህርት ቤቱ ቡድን አባል መሆኔ ሐሰት አይደለም። ሥራዬ ተጫዋቾቹ ሲገቡ የሚያወልቁትን ልብስ መጠበቅ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ሜዳ ገብቻለሁ፤ አንዱ ቁርጭምጭሚቱ ዞረበትና ሌላ ሰው ጠፋ። ያን ቀን እጄ የገባችውን አንዲት ኳስ ያቀበልኩት ለዳኛው ነው። ማንም ሳይጠጋው ብቻውን ቆሞ ሳየው አሳዝኖኝ።

ልጅቱ ግን አመነችኝ። ያመነችኝም ቸግሯት ነው። ትምህርት ቤቱ የትንንሽ ልጃገረዶች ቡድን ሊያቋቁም ነው፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ረቡዕ ከሰዓት፣ እያንዳንዷ ከነጻ ውርወራው መስመር ላይ ቆማ አሥር ኳስ ትወረውርና ስምንት ልጆች ይመረጣሉ። የልብ ጓደኛዋ ቤቷ ቅርጫት አላት፤ ዓመቱን ሙሉ ስትወረውር ነው የኖረችው። ቡድኑ የሚለማመደው ቅዳሜና ሰኞ ከሰዓት ነው። ማዳም ደግሞ ለእነዚያ ሁለት ከሰዓቶች ሌላ ሐሳብ ነበራት።

"ከተመረጥሽ ተመረጥሽ፤ ካልተመረጥሽ የሒሳብ አስጠኚ ይመጣልሻል። ኸላስ፣ አለቀ!" አለች።

"አሙ፣ አስጠኚዋን አታውቃትም" አለችኝ ልጅቱ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። "እህቴን ያስጠናቻት ናት። ቅርንፉድ ቅርንፉድ ትሸታለች። ስቃ አታውቅም። ቁጥር ስትሳሳቺ ዝም ብላ ታይሻለች።"

እኔም ቁጥር ላይ ሰው ዝም ብሎ ሲያየኝ አልወድም። "እኔ እያለሁ? ሙሽኪላ የለም!" አልኳት።

ካፊሌ በነጋታው ምንም ሳይል ቅርጫት ገዝቶ አመጣ። መሰላል ላይ ወጥቼ በመኪና ማቆሚያው ግድግዳ ላይ ለትልልቅ ሰዎች በሚሰቀልበት ከፍታ ሰቀልኩት። ቀጥሎ መስመሩ። ከትምህርት ቤት የመጣው ወረቀት አራት ሜትር ከምናምን ነው ይላል። እኔ የግቢውን በር ከቀባንበት የተረፈውን አረንጓዴ ቀለም አምጥቼ ስድስት ሜትር ላይ አሰመርኩት። ከስድስቱ ካስገባች ከአራቱማ ተኝታም ታስገባለች ብዬ ነው። ይህን ሐሳብ ሳገኝ በጣም ስለተደሰትኩ ሻይ አፍልቼ ብቻዬን ጠጣሁ።

ሥልጠናው ተጀመረ። ልጅቱ ለዕድሜዋ ደቃቃ ናት፤ ክንዶቿ ቀጫጭን ናቸው። አረንጓዴው መስመር ላይ ትቆምና ኳሷን በሁለት እጇ ይዛ ጉልበቶቿ መሐል ታወርዳለች። ከዚያ ጀርባዋ እንደ ቀስት ይለጠጣል፣ ወገቧ ይዞራል፣ ግራ እግሯ ይነሳል፣ ክርኖቿ እንደ ቁምሳጥን በር ግራና ቀኝ ይከፈታሉ፣ ምላሷ በከንፈሯ ጥግ ብቅ ይላል፣ ዓይኗ ቅርጫቱን ትቶ ደመና ይፈልጋል። ኳሷ ስትለቀቅ እሷም አብራ ሁለት እርምጃ ወደፊት ትወድቃለች። አንዳንዴ ኳሷ ሰሌዳውን ትነካለች፤ ያን ቀን በዓል ነው።

ክርኖቿ ሲያስቸግሩኝ ሽማጌን፣ የአንገት ፎጣዬን፣ ፈትቼ አንዱን ክርኗን ከጎኗ ጋር አሰርኩት። ኳሷ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ወጣች። ስትወርድ ያረፈችው እኔ አናት ላይ ነው።

"አሁን ቀጥ አለች!" አልኩ፣ ግንባሬን እያሸሁ።

የወጥ ቤቱ መስኮት ግቢውን ያያል። እዚያ የምትሠራው የወሎ ልጅ ናት፣ ከከሚሴ። ዕድሜዋ ከእኔ ዕድሜ በብዙ ያንሳል፤ አንደበቷ ግን አክስቴን ያስንቃል። ጭንቅላቷን በመስኮቱ ብቅ አድርጋ በአማርኛ፣

"ጋሼ፣ ልጅቱን ጂን ነክቷት ነው ወይስ እርስዎ ነዎት የነኳት?" አለችኝ።

"አንቺ ድስትሽን ጠብቂ። ይሄ ሙያ ነው።"

"ሙያውስ ሙያ ነው። ብቻ ትናንት ማታ ጀርባዬን እሺልኝ ብላኛለች። በአሥር ዓመቷ! እኔ በሠላሳዬ ማንም አላሸልኝም።"

ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ከአሥር አንድ ካስገባች ጥሩ ቀን ነው። እኔ ደግሞ በየቀኑ አዲስ ትእዛዝ አወጣለሁ፦ ቴምር ብዪ፤ በአፍንጫሽ ተንፍሺ፤ ስትወረውሪ ቢስሚላህ በዪ። ቢስሚላው ብቻ ነበር ትክክል።

ከዚያ አቧራው መጣ። ሌሊቱንና ጠዋቱን ሲነፍስ አድሮ ውሎ ከሰዓት ላይ ጋብ አለ። ማዳም መኪናዋ ላይ አቧራ ካየች ቀኑ ለማንም አያምርም፤ ስለዚህ ትልቁን መኪና ግቢ ውስጥ አስገብቼ ሸፍኜው ነበር። ግቢው በመኪና ሞላ፤ አረንጓዴው መስመር ከጎማው ሥር ገባ። ከቅርጫቱ ፊት የቀረው ቦታ ሁለት ሜትር ቢሆን ነው።

"አሙ፣ መኪናውን አውጣው" አለች ልጅቱ ኳሷን ይዛ።

ሽፋኑን መግፈፍ ሰነፍኩና "ማዳም ከልክላለች" አልኳት። ማዳም ተኝታ ነበር።

ልጅቱ አኮረፈች። እንዳኮረፈች፣ እኔን ለማብሸቅ፣ ካለችበት ወረወረች። እኔም አየሁ። ኳሷ ከግንባሯ በላይ ናት። ክርኗ ከሥሯ ገብቷል። ጉልበቷ በስሱ እጥፍ ብሎ ተቃና። ኳሷ ስትለቀቅ እጇ ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ ከረሜላ ሊያወጣ እንደገባ እጅ ወደ ታች ታጠፈ። እግሮቿ ከቆሙበት አልተነቃነቁም። ኳሷ ገባች። ደገመች፤ ገባ። ሦስተኛም ገባ።

"አያችሁ!" ብዬ ጮኽኩ። "ሥልጠናው ያዘ! ሦስት ሳምንት የለፋሁበት!"

የከሚሴዋ ልጅ ግቢውን ልታጥብ ሁለት ባልዲ ውሃ ይዛ ወጥታ ነበር። ባልዲውን አስቀምጣ ሳቀችብኝ።

"ጋሼ፣ ይሄ የእርስዎ ሥልጠና አይደለም። የመኪናው ነው።"

"መኪናው ምን አደረገ?"

"ቦታ ያዘባታ! ልጅቱ ቀረብ አለች። ይዩኝማ።" አንዱን ባልዲ አነሳች። "እዚህ እግሬ ሥር ሲሆን በእጄ ብቻ ደፋ አደርገዋለሁ።" ደፋች። ውሃው ካሰበችው ንጣፍ ላይ ዝርግት አለ፤ ፈቀቅ አላለም። "ያቺ ጥግ ላይ ላድርስ ካልኩ ግን..."

ሁለተኛውን ባልዲ ጉልበቷ መሐል አወረደች፣ ዞረች፣ አንድ እግሯን አነሳች፣ ወረወረች። ጥቂቱ ጥግ ደረሰ። ገሚሱ የመኪናው ሽፋን ላይ ፈሰሰ። የቀረው እኔ ላይ።

"ምላሴን አዩት?" አለችኝ።

ውሃውን ከዓይኔ ጠርጌ "ወጥቶ ነበር" አልኩ።

"አዩ! ሩቅ ሲሆን ሰው በክንዱ አይወረውርም፣ በወገቡ ነው። ወገብ ደግሞ ወላሂ አያነጣጥርም።"

"እኔ እኮ ይሄን አውቀው ነበር።"

"አላህ ይይልዎት፣ ጋሼ።"

አላመንኳትም ማለት ሳይሆን፣ አንድ ባልዲ የያዘች ልጅ አሸነፈችኝ ማለት ከበደኝ። በማግሥቱ መኪናውን አውጥቼ፣ ሁሉም ለቀትር ዕረፍት ሲገባ፣ አረንጓዴው መስመር ላይ ብቻዬን ቆምኩ። እንደ ሰው ልወረውር፣ ክርኔን ከሥር ላስገባ፣ ቀጥ ልል ለራሴ ቃል ገባሁ። ወረወርኩ። ወገቤ ቀድሞኝ ሄደ። አንድ ነገር ከኋላዬ ቀጭ አለ፤ በር መስሎኝ ዞርኩ፤ እኔው ነኝ። ኳሷ ግድግዳውን አልፋ ጎረቤት ገባች። ምላሴን ፈለግኩት፤ ጥርሴ መሐል አገኘሁት።

ያኔ ገባኝ። ልጅቱ እየተጣመመች የነበረው ትእዛዝ ስላልሰማች አይደለም። የክንዷ ጉልበት እዚያ ድረስ አይደርስም፤ የጎደላትን ከእግሯ፣ ከጀርባዋ፣ ከአንገቷ፣ ከምላሷም ሳይቀር እየለቃቀመች ነበር። እኔ ክርኗን አስራለሁ፤ ጥፋቱ ያለው ግን መሬት ላይ በቀባሁት መስመር ነው።

ሦስት ሳምንት ቀረን። ከሰዓት በኋላ ልጅቱን ቅርጫቱ ሥር ወስጄ "ከዛሬ ጀምሮ የምትወረውሪው ከዚህ ነው" አልኳት።

"እዚህ የሚቆሙት ሕፃናት ናቸው።"

"ትናንት ሦስት አስገብተሽ የለ እንዴ?"

"ትናንት መኪናው ነበር። ጓደኛዬ ከመስመሩ ነው የምትወረውረው። ደግሞስ ራስህ አይደለህ ከሩቅ ያልከኝ? አንተ የታወቅክ ተጫዋች ነህ፤ እሷ" ወደ ወጥ ቤቱ በአገጯ ጠቆመች፤ "ባልዲ የደፋችልህ እሷ ምን ታውቃለች?"

መስኮቱ ውስጥ ያለችው የከሚሴ ልጅ አረብኛውን ሰምታ ሳህን ማጠቧን አቆመች። ሁለቱም አዩኝ። ውሸቴ ግቢው መሐል ሆዱን ነፍቶ ቆሟል፤ ካልወጣ ልጅቱ ወደ ቅርጫቱ አትቀርብም፤ ካልቀረበች ሒሳቡ ይመጣል።

"ስሚ" አልኳት። "እኔ ልብስ ጠባቂ ነበርኩ።"

"ምን?"

"ልብስ። እነሱ ይጫወታሉ፣ እኔ ሱሪያቸውን እይዛለሁ። አንድ ቀን አስገቡኝ፤ ኳሷን ለዳኛው ሰጠሁት። ስድስት ሜትሩን ያመጣሁት ከራሴ ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ጀርባሽን ያመመሽም በእኔ ነው።"

 ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ነገሩን በደንብ ካሰበችበት በኋላ፣

"ልብስ ጠፍቶብህ ያውቃል?" አለችኝ።

"አንድ ካልሲ።"

"የማን?"

"የራሴ።"

ሳቋን ማቆም አቅቷት ንጣፉ ላይ ቁጭ አለች። ስትነሳ ኳሷን ይዛ ቅርጫቱ ሥር ሄደች። ከመወርወሯ በፊት ግን ሹመቱን አስተካከለች፦ "ከዛሬ ጀምሮ አሰልጣኟ እሷ ናት። አንተ ኳስ አቀባይ ነህ። ዳኛ ካየህ እንዳትሰጠው።"

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ቀላል ነበር፤ ምክንያቱም እኔ የለሁበትም። ግቢው በአራት ማዕዘን ንጣፎች የተነጠፈ ነው። በተከታታይ አምስት ካስገባች አንድ ንጣፍ ወደ ኋላ ትሄዳለች። ወገቧ ከዞረ ወይም ምላሷ ከወጣ አንድ ንጣፍ ወደፊት ትመለሳለች። አዲሷ አሰልጣኝ ሽንኩርት እየከተፈች በመስኮቱ ትጠብቃለች፤ በድንገት "ሊሳን!" የሚል ጩኸት ይመጣል፤ ምላስ ማለት ነው። ልጅቱ ምላሷን ሰብስባ አንድ ንጣፍ ወደፊት ትራመዳለች። አንድ ቀን ሩዙ አረረ። ማዳም ለምን ስትል ሦስታችንም ምድጃውን ከሰስን።

እውነተኛውን መስመር በሜትር ለክቼ በጠመኔ አሰምሬው ነበር። ልጅቱ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየራቀች ሄደች፤ ክርኗ አልተከፈተም፣ ጀርባዋም መታሸት ተወ። ግን ጊዜው አለቀ። ማክሰኞ ማታ የቆመችበት ንጣፍ ከጠመኔው መስመር ሦስት ንጣፍ ይቀረው ነበር። ከዚያ አልፋ ስትሞክር ምላሷ ይወጣል። ሦስት ንጣፍ! ያን ሰሞን ቀለሙን ይዤ ሳልቀብጥ ብቀር ኖሮ ደርሰን ነበር።

ረቡዕ ኾበር አደረስኳት። የሴቶች ትምህርት ቤት ነው፤ ወንድ በሩን አያልፍም። ከሰዓት ሾፌሮቹ ሁሉ አጥሩ ጥላ ሥር ተቀምጠናል። ኳስ ሲነጥር ከውስጥ ይሰማል። ብረቱን ሲመታ ጣንግ ይላል፤ ሲገባ ግን ድምፅ የለውም። እኔ የዝምታዎቹን ቁጥር ልይዝ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። አጠገቤ ያለው ሱዳናዊ ሾፌር ሻዩን ይዞ ታዘበኝ።

"አንተ ሰው፣ ሚስቱ ምጥ ላይ ያለችበት ሰው ትመስላለህ።"

"ዝም በል፣ አሳሳትከኝ!"

"አንተ ሾፌር!" አለ ዘበኛው ከበሩ። "ግድግዳውን ተወው!"

ተውኩት። ለነገሩ የቱ ኳስ የማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ።

ልጅቱ ቦርሳዋን በአንድ ትከሻ አንጠልጥላ ወጣች። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም፤ እንደ አባቷ። መኪናው እስኪንቀሳቀስ ታገሥኩ። ከዚያ አልቻልኩም።

"እህስ?"

"የመጀመሪያዋ አልደረሰችም። ሁለተኛዋ የአስተማሪዋን ጠረጴዛ መታች። ምላሴ ወጥቶ ነበር።"

"ከዚያስ?"

"ወደፊት ሄድኩ። ሦስት ንጣፍ።"

"ማን ፈቀደልሽ?"

"ማንም። ፊሽካ ነፋችብኝ። ወደ መስመርሽ ተመለሺ አለችኝ።"

"አንቺስ?"

"ከዚያ ስወረውር የማየው ሰማዩን ነው፤ ከዚህ ግን ቅርጫቱን አየዋለሁ አልኳት።"

መሪውን ጨብጬ ወደ መስታወቱ አየሁ። "ምን አለችሽ?"

"እስቲ የቀሩትን ስምንት ወርውሪ፤ አልቆጥርልሽም ግን አለችኝ። ስድስት ገባ።"

"ቆጠረችልሽ?"

"አልቆጠረችም።"

 ቅርንፉድ ቅርንፉድ ሸተተኝ።

"ከዚያ ሌላዋን ልጅ ጠርታ እዚያው አቆመቻት። እሷም አስገባች። ሌላዋንም አመጣች። ከዚያ ጠመኔ አምጥታ እዚያ ላይ አዲስ መስመር አሰመረችና ሁላችንም እንደገና ወረወርን። ለትንንሾቹ ይሄ ይበቃል፣ ክንዳችሁ ሲያድግ ወደ ኋላ እንሄዳለን አለች።"

"እና እንደገና ስትወረውሪ?"

"አሙ።"

"እና ምን ሆነ?"

"አሙ፣ መታጠፊያውን አልፈኸዋል።"

አየሁ። ወደ ደማም የሚወስደው መታጠፊያ ከኋላችን ርቆ እየጠፋ ነው። ከፊታችን ያለው ባሕር ነው፤ መንገዱም በባሕሩ ላይ ወደ ባሕሬን የሚያሻግረው ድልድይ መንገድ።

"መታጠፊያውን ተዪው! ተመረጥሽ ወይስ አልተመረጥሽም?"

"ሰባተኛ ነኝ።"

"ከስምንት?"

"ከስምንት። ጓደኛዬ ስድስተኛ ናት።"

ጥሩንባውን ነፋሁት። ደጋግሜ ነፋሁት። አጠገቤ የሚሄደው የጭነት መኪና ሾፌር አንድ ነገር የሆንኩ መስሎት መስኮቱን ዝቅ አደረገ። ልጅቱ በሳቅ ወንበሩ ላይ ተንከባለለች። መዞሪያ ስፈልግ ስልኬ ጮኸ። ማዳም ናት።

"የት ናችሁ?"

"መንገድ ላይ ነን፣ ማዳም።"

"የቱ መንገድ ላይ?"

መዋሸት አማረኝ፤ ግን ልጅቱ ከኋላ ሆና "ወደ ባሕሬን!" ብላ ጮኸች።

"ባሕሬን? አንተ ሰውዬ፣ ልጄን ወዴት ነው የምትወስዳት? ፓስፖርትህ እኮ እዚህ ሳጥን ውስጥ ነው!"

"ተመርጣለች፣ ማዳም! ሰባተኛ! መስመሩንም አስነስታዋለች!"

  ከዚያ ማዳም አፏን ከስልኩ መለስ አድርጋ፣ ቀጭን ድምፅ ላላት ለሌላ ሴት በትሕትና "ይቅርታ፣ በከንቱ አደከምኩሽ፤ ሻይሽን ግን ጨርሺ" ስትል ሰማሁ። ውጤቱን ሳትጠብቅ አስጠኚዋን ለዚያው ቀን ቀጥራት ኖሯል።

ወደ እኔ ተመለሰች። ድምፅዋ ላልቷል፤ ግን ማዳም ማዳም ናት።

"እንግዲህ ቅዳሜና ሰኞ ከሰዓት አንተ ነህ የምታመላልሳት።"

"እኔ ነኝ፣ ማዳም።"

"መንገዱን ታውቀዋለህ ወይ?"

"የባሕሬን ድልድይ" የሚለው ትልቅ ሰሌዳ ከፊቴ ተገትሮ እያየሁት "በሚገባ" አልኳት።